ሪያድ የተሰማው፣ ቨርጂኒያ የጠፋው ድምፅ

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ወጣት በቴሌግራም የድምፅ ፋይል ላከልኝ። ከሥሩ አንድ መስመር ጽፏል። "ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ሰምተው ድምፅ አላት የላትም ይበሉኝ።"

ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ዝቅ ያለ እዝዝ የሚል ነገር አለ። ሌላ ምንም የለም። "የላትም" ብዬ ልመልስለት ስል አንድ ነገር ልሞክር አልኩና ኤርፎኔን ሰካሁ። የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። "አባቴ የተቀበረው እዚያው ወንዙ ማዶ ነው" ይላሉ። ኤርፎኑን ነቀልኩት። ጠፉ። መልሼ ሰካሁት። መጡ።

የሰው ኮምፒውተር ሳይ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ድምፅ ጭራሽ የማይሰማበት፣ የሚቆራረጥበት፣ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚመጣበት፣ ሁሉንም አይቻለሁ። አንድ ፋይል በኤርፎን እየተሰማ በስፒከር የሚጠፋበት ግን በእጄ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ ከሥሩ ልከታተለው ወሰንኩ። የሆነውን ሁሉ የምጽፈው፣ ነገሩ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካሉት ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጋር ስለሚያያዝና ብዙ ቤተሰብ አሁን የሽማግሌዎቹን ታሪክ እየቀዳ ስለሆነ ነው።

የቤተሰቡ ነገር

ሽማግሌው የወጣቱ አያት ናቸው። አባባ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል። ከወሎ ለዓይን ሕክምና መጥተው ልጃቸው ቤት ሦስት ሳምንት ያህል ተቀመጡ። ልጆቻቸው ተበታትነዋል። አንዷ ቨርጂኒያ፣ አንዷ ሪያድ፣ ሌሎቹ እዚሁ አገር ቤት። ሁሉም ለዓመታት የሚሉት አንድ ነገር ነበር። የአባባ ድምፅ ይቀዳ። የዘር ሐረጉን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሰባ ሰባትን እንዴት እንዳለፉት፣ ማንን ይዘው ማንን ትተው እንደወጡ፣ ከእሳቸው ሌላ የሚናገረው የቀረ የለም።

ፋይሉን የላከልኝ ልጅ ነገሩን በቁም ነገር ያዘው። በስልክ መቅዳት አልፈለገም። ለሠርግ የድምፅ መሣሪያ ከሚያከራይ ሰው ትንሽ ሚክሰርና ማይክ ተከራየ። ሚክሰር የማይክን ድምፅ የሚያጎላና የሚቀላቅል ሣጥን ነው። ሚክሰሩን ቤት ካለው ዴስክቶፕ ጋር አገናኘ። በኤርፎን እያዳመጠ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቀዳ። ከተቀዳ በአራተኛው ቀን አባባ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ፋይሉ ተላከ። ሪያድ ያለችው ሥራዋን እየሠራች በኤርፎን ሰማችው። "ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ግን ድምፁ ከጭንቅላቴ ውጭ የሆነ ያህል ያዞረኛል" ብላ ጻፈች። ቨርጂኒያ ያለችው ልጆቿን ሰብስባ፣ ወጥ ቤት ያለችውን ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር ከፍታ ጠበቀች። እሷ የጻፈችው ሌላ ነው። "የኔ ልጅ፣ ንብ ነው እንዴ የቀዳኸው?"

ልጁ ፋይሉን ሦስት ጊዜ ደግሞ ልኮላታል። ኔትዎርኩን ጠርጥሯል። ስፒከሯንም ጠርጥሯል። የመጣው ያው ንብ ነው። አባባን መልሶ ማምጣት ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚሆን አይደለም።

የተበላሸ ኤርፎን ያስተማረኝ

ፍንጩን ያገኘሁት ከድሮ ትዝታ ነው። ኤርፎን ጫፉ ላይ ሲላላ ወይም እስከ መጨረሻው ሳይገባ ሲቀር ምን እንደሚሆን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሙዚቃው ይቀራል፣ ዘፋኙ ይጠፋል። ዘፋኙ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚያስተጋባ ይመስላል። ጃኩን፣ ማለትም የሚሰካውን ጫፍ፣ ትንሽ ስታዞረው ተመልሶ ይመጣል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ኤርፎን ውስጥ ሁለት ጆሮዎች በአንድ የጋራ መመለሻ ሽቦ ይገናኛሉ። ያ የጋራ ሽቦ ሲላቀቅ፣ የምትሰማው በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። የዘፋኙ ድምፅ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ነው የሚቀመጠው፤ በግራም በቀኝም እኩል አለ። እኩል የሆነ ነገር ልዩነት የለውም። ስለዚህ ይጠፋል።

የአባባ ፋይል ላይ የሆነው የዚህ ግልባጭ ይሆን? ልዩነቱ ሳይሆን ድምሩ ነው እንዴ የሚጠፋው? ነጠላ ስፒከር ግራና ቀኙን ደምሮ ነው የሚያጫውተው። የኔ ስልክ ስፒከር አንድ ነው፣ ከታች። የቨርጂኒያዋም ብሉቱዝ ስፒከር አንድ ናት። ኤርፎን ግን አይደምርም። ግራውን ለግራ፣ ቀኙን ለቀኝ ይሰጣል። ሪያድ የተሰማው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ፋይሉን ኦዳሲቲ ላይ ከፈትኩት። ነጻ ፕሮግራም ነው፤ ድምፅን በሥዕል ያሳያል። ላይኛው መስመር ግራ፣ ታችኛው ቀኝ ነው። አባባ "እህ" ብለው ጉሮሯቸውን የሚጠርጉበትን ቦታ መርጬ አሰፋሁት። አንዲት "እህ" ስክሪኑን እስክትሞላ ድረስ። ላይኛው ማዕበል ሽቅብ ሲወጣ ታችኛው በዚያው ልክ ቁልቁል ይወርዳል። ላይኛው ሲወርድ ታችኛው ይወጣል። ተራራና የውሃ ላይ ጥላው። ከእያንዳንዱ +1 ሥር −1 አለ። ሲደመር 0 ነው።

የአባባ ድምፅ አልጠፋም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ተቀድቷል፤ አንዱ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ተገልብጦ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ወዲያው ለልጁ ደወልኩ። "አትረበሽ፤ አባባ አሉ" አልኩት።

ሦስቱ ቀዳዳዎች

ድምፁ መኖሩን ካወቅን በኋላ እንዴት ተገለበጠ የሚለው ቀረ። ቤታቸው ሄድኩ። ሲፒዩውን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተን ጀርባውን ወደ መስኮቱ አዞርነው። አቧራውን ጠረግን። ሦስቱ ቀዳዳዎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ።

ቀለማቱ ለጌጥ አይደሉም። ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ፒሲ 99 ብለው ባወጡት መመሪያ የተደነገጉ ናቸው። ከዚያ በፊት ቀዳዳዎቹ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ ነበራቸው፤ ሰው ትንንሽ ሥዕሎችን እያየ ነበር የሚሰካው። የሦስቱም ስፋት አሁንም እኩል 3.5 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ውስጥ የገባ ጃክ ሌላውም ውስጥ ይገባል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው፤ መግባቱ ትክክል መሆኑን አያሳይም።

አረንጓዴው ድምፅ የሚወጣበት ነው። ስፒከርና ኤርፎን ይሰካበታል። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ማንም አይሳሳተውም።

ሮዙ የማይክ ነው። ማይክ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፤ በሺህኛ ቮልት የሚቆጠር። ስለዚህ ከሮዙ ቀዳዳ ጀርባ ያንን ሹክሹክታ ብዙ እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ አለ። ሌላም ነገር አለው። የኮምፒውተር ማይኮች ውስጣቸው ላለችው ትንሽ ክፍል ኃይል ስለሚፈልጉ፣ ሮዙ ቀዳዳ እሱ ራሱ ጥቂት ቮልት ወደ ውጭ ይልካል። ይቀበላልም፣ ይሰጣልም።

ሰማያዊው ላይን ኢን ይባላል። ቀድሞ የጎላ ድምፅ ነው የሚቀበለው፤ ከቴፕ፣ ከሬዲዮ፣ ከሚክሰር። ማጉላት አይጠበቅበትም። በቤት ዕቃ የተለመደው መጠን 0.316 ቮልት ነው። በባለሙያ መሣሪያ ደግሞ 1.23 ቮልት ገደማ። ከማይኩ ሹክሹክታ ጋር ሲነጻጸር ይሄ ጩኸት ነው።

ልጁ መጀመሪያ የሰካው ሮዙ ላይ ነበር። አከራዩ "ማይክ ስለሆነ ሮዙ ላይ ሰካው" ብሎታል። ማይኩ ማይክ መሆኑ እውነት ነው። ግን ወደ ኮምፒውተሩ የሚመጣው ማይኩ አይደለም፤ ሚክሰሩ ነው። ሚክሰሩ አንዴ አጉልቶታል። ሮዙ ቀዳዳ ደግሞ ያንን እንደ ሹክሹክታ ቆጥሮ እንደገና ያጎላዋል። የመጀመሪያ ሙከራውን አሰማኝ። የተቀደደ ድምፅ ነው። አባባ "እንግዲህ" ሲሉ ላስቲክ የሚቀደድ ይመስላል።

ልጁ ጎበዝ ነው፤ ራሱ ነው የነቃው። ነቅሎ ሰማያዊው ላይ ሰካው። መቀደዱ በአንዴ ቆመ። በኤርፎኑ ሲሰማ ጥርት ያለ ነው። ቀዳ። እኔም ብሆን በዚያች ሰዓት ሌላ የምጠረጥረው ነገር አይኖረኝም ነበር። ቀዳዳው ትክክለኛ ነበር። ስህተቱ ገመዱ ላይ ነው።

ሁለት ጥቁር ቀለበት

ገመዱን ተቀብዬ ጫፎቹን አየኋቸው። በሚክሰሩ በኩል ትልቁ፣ ባለ 6.35 ሚሊሜትሩ ጃክ ነው። በኮምፒውተሩ በኩል ትንሹ። ሁለቱም ላይ ሁለት ሁለት ጥቁር ቀለበት አለ። እነዚህ ጥቁር ቀለበቶች ፕላስቲክ ናቸው፤ ብረቱን ከፋፍለው ሦስት ቦታ ያደርጉታል። ጫፍ፣ መሐል፣ ግንድ። በውስጡ ሦስት ሽቦ አለ ማለት ነው።

ትልቁ ጃክ ዕድሜው ረጅም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ማዞሪያ ላይ የተቀመጡ ሠራተኞች ደዋይና ተቀባይን ለማገናኘት በእጃቸው የሚሰኩት እሱን ነበር። ትንሹ የእሱ ልጅ ነው። መልካቸው አንድ ስለሆነ ቋንቋቸውም አንድ ይመስላል።

አይደለም። ኮምፒውተሩ ጃኩን ሲቀበል ጫፉ ግራ ጆሮ፣ መሐሉ ቀኝ ጆሮ፣ ግንዱ የጋራ መመለሻ ነው። ይሄ ስቴሪዮ ነው። የሚክሰሩ ዋና መውጫ ግን በእነዚያው ሦስት ቦታዎች ሌላ ነገር ነው የሚልከው። ጫፉ ላይ ድምፁን፣ መሐሉ ላይ ያንኑ ድምፅ ገልብጦ፣ ግንዱ ላይ መሬት የሚባለውን መመለሻ። ባለሙያዎች ባላንስድ ይሉታል። አንድ ድምፅ ነው፤ በሁለት ሽቦ የሚጓዝ።

ለምን ይገለበጣል? ይሄ ክፍል ሁሌም ደስ ይለኛል። የድምፅ ገመድ መንገድ ላይ የማይፈለግ ነገር ይለቅማል። የቤታችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ገመዱ አጠገቡ ካለፈ ያንን እዝዝታ ይይዛል። ሁለቱ ሽቦዎች ተጠማዘው አብረው ስለሚሄዱ ሁለቱም እዝዝታውን እኩል ይይዛሉ። ድምፁ ግን አንዱ ላይ ቀጥ፣ ሌላው ላይ ግልብጥ ነው። መጨረሻ ላይ የሚቀበለው መሣሪያ ሁለተኛውን ሽቦ መልሶ ይገለብጥና ይደምራቸዋል። ያኔ ድምፁ እጥፍ ይሆናል። እዝዝታው ይጠፋል። በትልልቅ አዳራሽ ውስጥ ማይክ በረጅም ገመድ ሄዶ ንጹሕ የሚሆነው በዚህ ነው።

ሰማያዊው ቀዳዳ ግን ይሄን አያውቅም። መሐሉ ላይ የመጣውን ግልብጥ ድምፅ "ቀኝ ጆሮ ነህ" ብሎ አስቀመጠው። ሳይገለብጥ። ከዚያ ፋይሉ ነጠላ ስፒከር ላይ ሲደርስ ቀጥታና ግልብጡ ተደምረው ተጣፉ። እኩል የነበረው እዝዝታ ደግሞ ተደምሮ እጥፍ ሆነ። ቨርጂኒያ ያለችው አክስቱ የሰማችው ንብ እሱ ነበር። የቤታቸውን መብራት ነው የሰማችው።

ጥገናው

ጥገናው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ኦዳሲቲ ላይ ፋይሉን ከፍተን ግራና ቀኙን ለየን። ቀኙን ብቻ መረጥን። ከኢፌክቶቹ ዝርዝር ኢንቨርት የሚለውን ተጫንን። ስክሪኑ ላይ ታችኛው ማዕበል ተገለበጠና ከላይኛው ጋር አንድ ሆነ። ከዚያ ሁለቱን ወደ ሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ መስመር፣ ቀላቀልናቸው።

ልጁ ስልኩ ላይ ጫነው። ኤርፎን አልሰካም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አባባ መጡ። እዝዝታውም ከሞላ ጎደል የለም። ሚክሰሩ በዘዴ የላከውን፣ ሰማያዊው ቀዳዳ ሊሠራው ያልቻለውን ሥራ እኛ በእጃችን ጨረስነው። ስለዚህ ውጤቱ በመጀመሪያው ቀን በኤርፎን ከተሰማው የተሻለ ነው። ይሄን አልጠበቅኩም ነበር።

ሁሌ እንዲህ አይመቻችም። አንዳንድ ሚክሰሮች ላይ መሐሉ ግልብጥ ድምፅ የለውም፤ ባዶ ነው። ያኔ ቀኝ ጆሮ ዝም ይላል እንጂ አይጣፉም፤ ግራውን ብቻ ወስዶ ሞኖ ማድረግ ይበቃል። ሮዙ ላይ የተቀደደውን ሙከራ ግን ምንም ልናደርገው አልቻልንም። ማዕበሉ ጫፉ ላይ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። የተቆረጠው ሳይቀዳ የቀረ ስለሆነ ከየትም አይመጣም። የተገለበጠ ይመለሳል፤ የተቀደደ አይመለስም።

ለሁለተኛው ቅጂ

ቤተሰቡ በጥቅምት ወሎ ሄዶ ቀሪውን ሊቀዳ አሰበ። ልጁም "እንዳይደገም ምን ላድርግ?" አለኝ።

ሚክሰሩን አገላብጠን አየነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ሚክሰሮች እንዳላቸው ሁሉ፣ ለመቅጃ የተሠራ ቀይና ነጭ ክብ መሰኪያ አለው፤ ከላዩ ቴፕ አውት ተብሎ ተጽፏል። ከእሱ የሚወጣው ባላንስድ አይደለም። ቀዩ ቀኝ፣ ነጩ ግራ ነው፣ መጠኑም ለሰማያዊው ቀዳዳ የሚስማማ። በአንድ ወገን ቀይና ነጭ፣ በሌላው ትንሽ ጃክ ያለው ገመድ ከአሮጌው የቤት ስፒከራቸው ጋር መጥቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አዲስ ነገር አልገዛንም።

ኮምፒውተሩን ወሎ ድረስ ማጓጓዝ ስለማይቻል ላፕቶፕ ይዘው ነው የሚሄዱት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። የአሁን ላፕቶፖች ሰማያዊ ቀዳዳ የላቸውም። አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት ያለችው፤ ኤርፎንም ማይክም እሷው ናት። የስልክ ኤርፎን ጃክ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያየ ሰው የሷን ምሥጢር አይቷል። አራት ቦታ ነው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ መመለሻ፣ ማይክ። ከሚክሰር የመጣ ገመድ እሷ ላይ ቢሰካ የሚገባው ወደ መውጫ ነው፤ አይቀዳም። ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ላይን ኢን ያለው የውጭ ሳውንድ ካርድ፣ ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ትንሽ ዕቃ፣ ተዋሱ። ሲገዛም ሲዋሱም ላይን ኢን መኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ርካሾቹ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ የማይክ ቀዳዳ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ዴስክቶፑ ላይ አሳየሁት። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንቴል ካወጣው ኤችዲ ኦዲዮ ከሚባለው የድምፅ ደረጃ ወዲህ ኮምፒውተሩ የቀዳዳዎቹን ሥራ በሶፍትዌር መለወጥ ይችላል። ጃክ ሲሰካ "ምን ሰካህ?" የሚል ትንሽ መስኮት የሚመጣው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ሳያነብ ይዘጋዋል። ሰማያዊው ቀዳዳ በዚያች መስኮት ማይክ ተብሎ ከተመረጠ እንደ ሮዙ ሊያጎላ ይችላል። ቀለሙ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ሥራው ግን ሌላ ይሆናል። ያቺን መስኮት አንብቡልኝ።

የመጨረሻው የፍተሻው ነገር ነው። ልጁ ሲቀዳ ሰምቷል፤ ግን የሰማው በኤርፎን ነው። ዊንዶውስ ቅንብሩ ውስጥ ሞኖ ኦዲዮ የሚል ማብሪያ አለው። አንድ ደቂቃ ቀድቶ፣ እሱን አብርቶ ማድመጥ ነው። ድምፁ ከጠፋ ወይም በጣም ከሳሳ ገመዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ከዚያም በላይ ቀላሉ፣ ያችኑ ደቂቃ ስልክ ላይ ልኮ ያለ ኤርፎን መስማት ነው። ዘመድ የሚሰማው እንደዚያ ነው። ልጁ ይሄን ወረቀት ላይ ጽፎ ሳውንድ ካርዱ ላይ በፕላስተር ለጠፈው።

የተጠገነው ፋይል ቨርጂኒያ የደረሰ ዕለት ማታ ልጁ ቤቴ መጣ። አክስቱ የላከችውን አሰማኝ። መጀመሪያ ከጀርባ የአባባ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያችው ከወጥ ቤቷ ስፒከር። የእናቷን ስም ሊጠሩ ሲሉ "እህ" ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ እኔ ስክሪን ላይ ያሰፋኋት ያቺው "እህ"። ስሙን ጠሩ። ከዚያ የአክስቲቱ ድምፅ፣ ለልጆቿ፣ ቀስ ብሎ፣ "ዝም በሉ፣ ስለ እማማ ሊያወራ ነው።"